ለሐጂ ሸምሱ ልጅ የጠየቅኩት ጥያቄ

ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። የሸኙኝ ቀን ኬክ ተቆረጠ፣ ስሜ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። የክሊኒኩ ባለቤት ተነሳና «ወይንሸት ይህን ሁሉ ዘመን ስትሠራ አንድም የጽሑፍ ቅሬታ ቀርቦባት አያውቅም» ብሎ አስጨበጨበልኝ። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሰው ትሕትና መስሎት ይሆናል። ባለቤቱ ግን ያውቃል። ሐጂ ሸምሱ በጽሑፍ አልከሰሱኝም እንጂ፣ ከፊቴ ቆመው የተናገሩትን ያን ዕለት ተራ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ሙያዬ ላቦራቶሪ ነው። ደም እቀዳለሁ፣ እመረምራለሁ፣ ውጤት እጽፋለሁ። መርካቶ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ስለምትባል እኔም ሲስተር ስባል ኖርኩ እንጂ ነርስ ሆኜ አላውቅም።

የመጀመሪያ ምድቤ ወባ የበዛበት ቆላ ውስጥ ያለች ጤና ጣቢያ ነበረች። መብራት ስላልነበረ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙሬ ነው ደም የማየው። ደመና የሆነ ቀን ሥራ የለም። አለቃዬ በወር አንድ ጊዜ ሪፖርት የሚሞላ፣ ከዚያ ውጪ በሬን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነበር። አራት ዓመት እዚያ ቆይቼ አዲስ አበባ ስዛወር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ደረሰኝ፤ ጋሽ ተካልኝን ያገኘሁትም እዚያ ነው።

ጋሽ ተካልኝ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ እጅጌያቸውን ሁልጊዜ እስከ ክርን የሚሰበስቡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ደም በሴንትሪፉጅ ከተሽከረከረ በኋላ ቀዩ ከታች ይረጋል፣ ከላይ ሴረም የምንለው ፈሳሽ ይቀራል። እኛ ቱቦውን አንስተን በቀጥታ ወደ ሥራ ስንገባ እሳቸው እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱታል። አንድ በአንድ። ሃምሳ ቱቦ ቢሆን ሃምሳውንም።

«ምንድነው የሚያዩት ጋሼ?» አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

«ሰውየውን» አሉኝ። «ይሄውልሽ፣ የጤነኛ ሰው ሴረም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ በሽተኛ እርድ የገባበት ይመስላል። ደሙ ውስጥ ስብ የበዛበት ደግሞ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ወይንዬ፣ መሣሪያው የጠየቅሽውን ብቻ ነው የሚመልስልሽ። ይሄ ግን ሳትጠይቂው ይነግርሻል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ቱቦ ላይ ስም የሚጽፉት በሽተኛው ከፊታቸው ተቀምጦ ስሙን በራሱ አፍ ሲናገር ብቻ ነው። ውጤት ደግሞ ለባለቤቱ ካልሆነ ለማንም አይሰጡም። ሚስት ትምጣ፣ ወንድም ይምጣ፣ አሠሪ ይምጣ፣ መልሳቸው «ባለቤቱ ይምጣ» ነበር። ሰው ይናደዳል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። እሳቸው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር አዲስ የግል ክሊኒክ ሲከፈት ሁለታችንም ወደዚያ ሄድን። ደሞዙ ይሻል ነበር፤ ከዚያ በላይ የማወራለት ነገር የለም። እኔን የሳበኝ የኬሚስትሪ ማሽኑ ነው፤ ጤና ጣቢያው ያልነበረውን ብዙ ምርመራ ይሠራል። ከነዚያ አንዱ ጂጂቲ ነበር።

ጂጂቲ ምን እንደሆነ በቀላሉ ልናገር፤ ሙሉ ታሪኬ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ጉበትና የሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው። ጉበት አንድ ነገር ሲያስቸግረው ወደ ደም በብዛት ይወጣል፣ እኛም እንለካዋለን። መጠጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጉበት ላይ የተከማቸ ስብም ከፍ ያደርገዋል። የስኳር በሽታም፣ የሐሞት ቱቦ መዘጋትም፣ አንዳንድ የሚዋጥ መድኃኒትም እንዲሁ። ቁጥሩ ራሱ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

ጋሽ ተካልኝ ይህን ያስተማሩኝ በአንዲት ሴት ነው። ብርቄ የምትባል፣ በርበሬ የምትነግድ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። ጂጂቲዋ በጣም ከፍ ብሎ ሲገኝ አንድ ወጣት ሐኪም ካርዷ ላይ «አልኮል?» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ተካልኝ ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ደም መቅጃው ጋ ነበርኩ።

«ልጄ፣ የምትውጪው ነገር ካለ ሁሉንም አውጥተሽ አሳዪኝ» አሏት።

ብዙ ቆይታ ከጡቷ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ኪኒን አወጣች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ባሏ አያውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትውጠው ኖራለች፤ ጂጂቲውን ከፍ ያደረገውም እሱ ነበር። ጋሽ ተካልኝ ወረቀቱን ይዘው ደረጃውን ወጡ፤ ሐኪሙ የጻፈውን በገዛ እጁ እስኪሰርዝ ድረስ አልወረዱም። ሲመለሱ «ይሄ ቁጥር ውሻ ነው» አሉኝ። «ይጮሃል። ሌባ ይሁን እንግዳ ይሁን፣ ወጥተሽ የምታዪው አንቺ ነሽ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተነገረኝም ብዬ የምደበቅበት የለኝም።

ጋሽ ተካልኝ ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ሥራ አቆሙና ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። የክሊኒኩ ባለቤት ያኔ ቤቱን እንደ ሱቅ መምራት ጀምሮ ነበር። ሙሉ ምርመራ በአንድ ጥቅል፣ ውጤት በዚያው ቀን፣ ወረፋ እስከ ደረጃው። አንድ በሽተኛ ጋ ቆም ብዬ ካነጋገርኩ ከቢሮው ሆኖ በመስታወቱ በኩል ሰዓቱን ያሳየኛል። እኔም ቱቦ ወደ መስኮት ማንሳቴን አላቆምኩም፤ ማነጋገሩን ግን ቀስ በቀስ ተውኩት።

ሐጂ ሸምሱ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ከክሊኒኩ ሰባት ደቂቃ መንገድ ነው። በስልሳዎቹ መግቢያ ላይ ያሉ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ በሥራ የሚፈሩ በሰላምታ የሚወደዱ ሰው። ድካም እየተሰማቸው፣ በቀኝ ጎናቸው በኩል እየከበዳቸው መጡ፤ ሐኪሙም የጉበት ምርመራ አዘዘ። ክንዳቸውን ሲዘረጉልኝ «ቢስሚላህ» አሉ፤ መርፌው ሲገባ ቀና ብለው አዩኝና «እጅሽ ቀላል ነው፣ አላህ ይባርክሽ» አሉኝ።

ሴረማቸውን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ነጭ ነበር፤ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ። ሴረም እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ሊሳሳት ስለሚችል አቅጥኜ ደገምኩት። ጂጂቲው ከላይኛው ልክ አራት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ለቁጥሩ ትክክለኛነት የምችለውን ሁሉ አደረግኩ። ደሙ ለምን ነጭ ሆነ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ስብ ብዙ ጊዜ ከስኳር በሽታ ጋር ስለሚመጣ፣ ስኳራቸው ይለካ ብዬ ለሐኪሙ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ሐኪሙ የለም፤ ወረፋው ተጨናንቋል። ከሱቃቸው የሚሠራው ትልቁ ልጃቸው ሙኒር መስኮቴ ጋ መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«የአባቴን ውጤት ልወስድ ነበር፣ የሐጂ ሸምሱ።»

«ባለቤቱ ይምጣ» ማለት ነበረብኝ። ከኋላው ያለው ሰው እየተጫነው ስለነበር ወረቀቱን ሰጠሁት። አየውና በቀይ የተሰመረውን በጣቱ አሳየኝ።

«ይሄ ምንድነው ሲስተር? ከባድ ነው?»

ቀና እንኳን አላልኩም። የሚቀጥለውን ቱቦ እየለጠፍኩ ነበር።

«አባትህ ይጠጣሉ እንዴ?» አልኩት።

ይኼው ነው። ያልኩት ሦስት ቃል ነው። ከኋላው ከቆሙት ሁለቱ የገበያ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሳቀ። ሙኒር ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ደህና ዋይ እንኳን ሳይለኝ ወጣ። እኔ የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሸምሱ ራሳቸው መጡ። ተራ አልጠበቁም። የለበሱት ነጭ ጀለቢያ ነው፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አንቺ ነሽ ልጄን የጠየቅሽው?»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ዝም ብዬ...»

«ከተወለድኩ ጀምሮ አንዲት ጠብታ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ሚስቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አታናግረኝም። ልጄ ዓይኔን አያይም። ቅጂ ደሜን። አሁን፣ ሰው ሁሉ እያየ ቅጂ።»

ቀዳሁ። እሳቸው እዚያው ቆመው ጠበቁ። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም፤ በሽታው ያው ነውና። ወረቀቱን ሲያዩ ከንፈራቸው ደረቀ።

«ታዲያ እኔ ውሸታም ነኝ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ማዳን ይቻል ነበር። «ሐጂ፣ ይሄ በስብም ይመጣል፣ በስኳርም ይመጣል፣ ደምዎ ስብ ያለው ደም ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፤ የክሊኒኩ ባለቤት ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል። አፈርኩ፣ ማፈሬ ደግሞ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«እኔ ማሽኑ ያለውን ነው የምናገረው» አልኳቸው።

ሐጂ ሸምሱ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ማሽኑ ስለ መጠጥ ተናግሯል? ማሽኑ አፍ የለውም። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ» አሉኝና ወጡ።

የክሊኒኩ ባለቤት ከሰዓት ጠራኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሱቃቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅና በትክክል ላስረዳ ስለው እጁን አወዛወዘ። «ጥፋት አለብን ብለሽ መርካቶ ውስጥ ልታውጂ ነው? ነገ ማን እዚህ ይመረመራል? ውጤቱ ትክክል ነው፤ አለቀ። ከሄድሽ እዚህ አትመለሺ።»

ጋሽ ተካልኝ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ያኔ ሰው መለየት ትቷል፤ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ሰሙኝ።

«ሴረሙን አይተሽዋል?»

«ነጭ ነበር ጋሼ።»

«ስኳሩን ለካሽ?»

«አልታዘዘም።»

«ነገ ጠዋት ሂጂ» አሉኝ። «ለሰውየው ሳይሆን ለልጁ ንገሪ። ሰውየው አለመጠጣቱን ያውቃል።»

አልሄድኩም። ሦስት ልጆች አሳድግ ነበር፣ ባሌ ሥራ አልነበረውም፤ ምክንያቴ ይኼ ነው፤ ትክክለኛ ምክንያት ነው፣ ግን ምንም አያድነኝም። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። በሌላ ጊዜ ጋሽ ተካልኝን ልጎበኛቸው ስሄድ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ አየሩ አወሩ፤ ስለ ሐጂ ግን አላነሱም። ከዚያ በኋላ «ወይንዬ» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ወይንሸት ነበር የሚሉኝ፣ እስኪያልፉ ድረስ።

ወሬው በገበያው ዞረ። የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ እዚያው ሰፈር ስለምትኖር እየመጣች ትነግረኝ ነበር። ሐጂ ከመስጊዱ ሽማግሌዎች መካከል መቀመጥ ትተዋል። እሳቸው ሲያልፉ ደላሎች አፋቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ይሳሳቃሉ። ሐጂ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አይረግጡም፤ ተመርመሩ ቢባሉም «ደም አልሰጥም» ነው መልሳቸው። ከሁሉ ያሳመመኝ ይኼ ነው። የሰውየው በሽታ ገና በጊዜ ነበር። አመጋገብ፣ እንቅስቃሴ፣ የስኳር መድኃኒት፤ የሚያዝበት መንገድ ነበረው።

በአራተኛው ዓመት አንድ ማክሰኞ ሙኒር አባቱን ደግፎ አመጣቸው። አላወቅኳቸውም ነበር። ክንዳቸው እንጨት ሆኗል፣ ሆዳቸው በውሃ ተወጥሯል፣ ዓይናቸው ቢጫ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እሳቸው ግን አወቁኝ።

«ዘንድሮስ ምን ልትጠይቂኝ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ደም ስራቸው አልገኝ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ወጋኋቸው። በዚያኛው ጊዜ ቀላል ያሉት እጄ ነው። ማንም ሳያዝዘኝ ስኳራቸውን ለካሁ። እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ ስኳር። ሐኪሙም አይቶ፣ ጉበቱ ላይ የነበረው ስብ ከስኳሩ ጋር ሆኖ አጠንክሮታል፣ ጠባሳ ሆኗል አለና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካቸው። ሙኒር ወረቀቱን ሲወስድ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አባቱን ደግፎ ሲወጣ ጀርባውን አየሁ።

ከሦስት ወር በኋላ አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ፤ «ጉበታቸው ነው አሉ... ያ ነገር እውነት ነበር ማለት ነው» ትላለች አንዷ። የገደላቸው በሽታ በላያቸው ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ።

ሙኒርን ከድንኳኑ ውጪ ለብቻው አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። የሴረሙን ነጭነት፣ ስኳሩን፣ ቁጥሩ በአምስት መንገድ ሊመጣ እንደሚችል፣ እኔ አንዱን ብቻ መርጬ እንደጠየቅኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ሲናገር ድምፁ ከፍ አላለም።

«አራት ዓመት ጠርሙስ ፈለግኩ» አለኝ። «መጋዘኑን፣ መኪናውን፣ ቁም ሳጥኑን። ከጁምዓ ሲመለስ ተጠግቼ አፉን አሸት ነበር። ምንም አላገኘሁም። ጎበዝ ደባቂ ነው አልኩ። የሆስፒታሉ ሐኪም ‹ይጠጡ ነበር?› ብሎ ሲጠይቅ አባቴ አልጋው ላይ ነበር። እሱ ሳይመልስ እኔ ‹አዎ› አልኩ። ካርዱ ላይ ተጻፈ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።»

«ሙኒር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት እያለቀስኩ።

«ሱቃችን ከናንተ ሰባት ደቂቃ ነው ሲስተር» አለኝ። «በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት ደቂቃ አጡ?»

ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀን ውጤት ለባለቤቱ ብቻ ነው የሰጠሁት። ለወጣቶቹ ባለሙያዎችም ነጭ ሴረም ባየሁ ቁጥር ስኳሩን አስለኩ፣ ሰውየውን አናግሩ እያልኩ አሰልቺ አሮጊት ሆንኩ። አሁን ያሉት ሰውየውን ማየትም አይጠበቅባቸውም፤ ቁጥሩ በቴሌግራም ይላካል፣ ከፍ ያለው በቀይ ይቀለማል፣ ቀሪውን ሰው እንደፈለገው ይተረጉመዋል። ስለዚህ ስናገር «እትዬ ወይንሸት፣ ዘመኑ ተቀይሯል» ይሉኛል። በእኔም ዘመን ቢሆን እኔ ራሴ ሰውየውን እንዳላናገርኩት አልነግራቸውም።

ባለፈው ወር መርካቶ ሶማሌ ተራ በኩል ሳልፍ ሙኒርን ከሱቁ ደጃፍ አገኘሁት። አባቱን ሆኗል፤ ያው ትከሻ፣ ያው የገፋ ሆድ፣ ከመኪና ዕቃ ሲያስወርድ ያው ቶሎ የሚደክም ትንፋሽ። እንዲህ ያለ በሽታ በቤተሰብ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሰላም አልኩት፣ በአክብሮት መለሰልኝ። ልለፍ ብዬ አቃተኝ።

«ሙኒር፣ አንተም ብትመረመር ጥሩ ነው። የፈለግክበት ቦታ፤ እኔ እንደሆንኩ የለሁበትም፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስኳርና ጉበት ብቻ። ገና በጊዜ ነህ።»

ወደ ሱቁ ዞር ብሎ አየ። ውስጥ አንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ በብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጦ የትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

«የኔ ነው» አለኝ። «በጣም ይወደኛል። ውጤቴን እሱ እንዲቀበልልኝ አልፈልግም።»

ዕቃ የተሸከመ ወዛደር «ዘወር!» እያለ መጣ። ሙኒር ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም መንገድ ለቀቅኩ።